የወንዝ ውሃ የነበረበትን የዓሣ ገንዳ ወደ ባሕር ውሃ ስለ መለወጥ

ጅቡቲ ከተማ ወደ ባሕር ዘልቆ በገባ ምድር ላይ የተሠራች ናት። ከፊት ለፊቷ፥ በሙሻና በማስካሊ ደሴቶች ዙሪያ፥ ኮራል የሚባለው የባሕር ነፍሳት የሚሠሩት ድንጋይ ይገኛል፤ በዚያም ልዩ ልዩ ቀለም ያላቸው ዓሦች ይኖራሉ። ስለዚህ በቤቱ በመስተዋት ገንዳ የወንዝ ዓሦችን ሲያኖር የቆየ ሰው፥ ገንዳውን ወደ ባሕር ውሃ ለመለወጥ ቢያስብ አያስደንቅም። ነገሩ አንዱን ውሃ ደፍቶ ሌላውን መሙላት ብቻ ይመስላል። ይሁን እንጂ ይህን በችኮላ የሚያደርግ ሰው ብዙ ጊዜ ዓሦቹ ሞተው ያገኛቸዋል። ምክንያቱና ትክክለኛው አሠራር ከዚህ በታች ይገለጻል።

፩ኛ፤ ስለ ዓሦቹ።

የወንዝ ዓሣ በሰውነቱ ያለው ጨው ከሚኖርበት ውሃ ይበልጣል። በዚህ የተነሣ ውሃ በስንጥቡ በኩል ዘወትር ወደ ሰውነቱ ይገባል፤ እርሱም ትርፉን በሽንት ያስወጣዋል። የባሕር ዓሣ ኑሮ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ጨዋማው ባሕር ከሰውነቱ ውሃ ስለሚስብበት ዘወትር ይጠጣል፥ ትርፉንም ጨው በስንጥቡ ያስወጣል። እንግዲህ የወንዝ ዓሣ ወደ ባሕር ውሃ ቢገባ በውሃ መካከል ሳለ ሰውነቱ ይደርቃል ማለት ነው። እንደ ሞሊ ያሉ ጥቂት ዓሦች በዝግታ ሲለማመዱ ሁለቱንም ይችላሉ፤ የቀሩት ግን ሥራው ከመጀመሩ በፊት ወደ ሌላ ገንዳ መዛወር ይገባቸዋል።

፪ኛ፤ ስለ ገንዳው።

የመስተዋቱ ገንዳ ራሱ ለሁለቱም ውሃ ያገለግላል። በውስጡ ያለው እንጨት ውሃውን ስለሚያኮመጥጥ፥ የወንዙ ተክልም በጨው ስለሚሞት መውጣት አለባቸው። በጠጠሩም ፈንታ ከዛጎልና ከኮራል ስባሪ የተገኘ ነጭ አሸዋ ይደረጋል። ገንዳው በሳሙና አይታጠብም፤ የኖራ እድፍ ቢኖርበት በኮምጣጤ ተፍቆ በብዙ ውሃ ይለቀለቃል። የሚዝግ ብረትም በውስጡም ሆነ በክዳኑ ላይ መኖር የለበትም። ቀድሞ መዳብ ያለበት የዓሣ መድኃኒት የተጨመረበት ገንዳ ከሆነ፥ መዳብ ሽሪምፕንና ኮራልን ስለሚገድል ዓሣ ብቻ ማኖሩ የተሻለ ነው።

፫ኛ፤ ስለ ጨዉ።

በአንድ ሊትር የባሕር ውሃ ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው ይገኛል፤ ስለዚህ 200 ሊትር ለሚይዝ ገንዳ 7 ኪሎ ግራም ያስፈልጋል። ይሁን እንጂ የገበታ ጨው ለዚህ አይጠቅምም፤ ባሕር ከተራው ጨው ሌላ ማግኒዝየም፥ ካልሲየምና ፖታስየም አለበትና። የአሳል ሐይቅ ጨውም እንደዚሁ ነው። ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ የሚገኘው ይህ ሐይቅ ከጉቤት በምድር ውስጥ ሰርጎ በሚመጣ የባሕር ውሃ ይሞላል፤ ጨዋማነቱም የባሕርን አሥር እጅ ያህላል። ነገር ግን ውሃው በፀሐይ ሲተን ልዩ ልዩ ጨዎች በየተራቸው ስለሚረጉ፥ ከዳሩ የተወሰደው ጨው በውሃ ቢሟሟ ተመልሶ ባሕር አይሆንም። ስለዚህ ለዚሁ ተግባር የተዘጋጀ ጨው መግዛት፥ ወይም ውሃውን ከባሕሩ መቅዳት ነው። የሚቀዳውም ዘይት ከሚፈስበት ከወደቡ ርቆ፥ በዝናብም ጊዜ ጎርፍና ጭቃ ከሚያወርደው ከአምቡሊ ወንዝ አፍ ርቆ፥ ባሕሩ በሞላና በጠራ ጊዜ መሆን ይገባዋል።

፬ኛ፤ ስለ መታገሥ።

የዓሣ እዳሪና የተረፈ ምግብ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይሆናል። ይህንን በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፥ በኋላም ጉዳቱ ወደሚያንሰው ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። በወንዙ ውሃ የነበሩት ባክቴሪያዎች አብዛኞቹ ጨው ሲገባ ስለሚሞቱ፥ በቦታቸው ሌሎች እስኪበዙ ድረስ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ያልፋል። በዚህ ጊዜ ጥቂት የዓሣ ምግብ ብቻ እየተጨመረ ውሃው ይመረመራል፤ አሞኒያውና ናይትራይቱ ሳይጠፉ ዓሣ ማስገባት ግን አይገባም። ከዚያም በኋላ በአንድ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ዓሣ ይበቃል። ሙቅና ጨዋማ ውሃ አየር የሚይዘው በጥቂቱ ነው፤ ስለዚህ በጅቡቲ በጋ ውሃውን የሚያናውጠው መሣሪያ ለአንድ ሌሊትም እንኳ መቆም የለበትም።

፭ኛ፤ ስለ ጎደለው ውሃ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ነው። የኸምሲን ነፋስ በሚነፍስበት ወራት የገንዳው ውሃ ፈጥኖ ይጎድላል። የሚተነው ግን ውሃው ብቻ ነው፤ ጨው በገንዳው ይቀራል። ባለ 200 ሊትሩ ገንዳ በ10 ቀን 40 ሊትር ቢጎድለው፥ በሊትር 35 ግራም የነበረው ጨው 44 ግራም ገደማ ይደርሳል። ባለቤቱ ጉድለቱን በባሕር ውሃ ቢሞላ ጨዉ 42 ይሆናል፤ ይህንኑ ሁለት ጊዜ ቢደጋግም 56 ግራም ይደርሳል። ዓሣውም ባለቤቱ ምክንያቱን ሳያውቅ ይሞታል። ስለዚህ በትነት የጎደለው ዘወትር ጨው በሌለበት ውሃ መሞላት አለበት፤ ጨዉም በየጊዜው በመለኪያ ይታያል። ከአየር ማቀዝቀዣ የሚንጠባጠበው ውሃ ጨው ባይኖርበትም በመዳብ ላይ ስለሚያልፍ ለዚህ አይሆንም።

እንግዲህ የባሕር ገንዳ በጨው አልባ ውሃ የሚኖር ነው ማለት ይቻላል። ለጅቡቲ ደግሞ ውድ የሆነው ይኸው ውሃ ነው። የከተማው ጉድጓዶች ውሃ ከመብዛት ይልቅ ጨዋማነት ያጠቃቸዋል፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2017 ከኢትዮጵያ፥ ከሐደጋላ፥ በቧንቧ ውሃ መምጣት ጀመረ፤ በ2021 ደግሞ የባሕርን ውሃ ከጨው የሚለይ ፋብሪካ በዶራሌ ተመረቀ። ስለዚህ ገንዳውን የሚለውጥ ሰው በቤቱ ለመጠጥ የሚሆነውን ሳያጓድል በየቀኑ ስንት ሊትር ሊያወጣ እንደሚችል አስቀድሞ ማስላት ይገባዋል። ሒሳቡ ካልሞላለት አነስተኛና ክዳን ያለው ገንዳ ይበቃዋል።

በመጨረሻም ከሙሻ ዙሪያ ሕይወት ያለው ኮራል ነቅሎ ማምጣት ተገቢ አይደለም፤ ስፍራው ከ1972 ጀምሮ ጥበቃ የሚደረግለት ነው፤ የተነቀለውም ኮራል ለማደግ ብዙ ዓመት የፈጀ ነው። በገበያ የተገዛ የሩቅ አገር ዓሣም ወደ ባሕር መለቀቅ የለበትም። በሕንድና በጸጥታው ውቅያኖስ የሚኖረው የአንበሳ ዓሣ በ1985 በአሜሪካ በፍሎሪዳ ዳርቻ ታየ፤ ከሰው ገንዳ እንደ ወጣም ይታመናል። ከዚያ ወዲህ በካሪቢያን ባሕር ሁሉ ተሠራጭቶ የአገሩን ዓሣ ጫጩት እየበላ ይገኛል። ገንዳውን መያዝ የሰለቸው ሰው ዓሦቹን ለሌላ አሳዳሪ ይስጥ እንጂ ወደ ባሕር አይጣላቸው።