ብር እየረከሰ ማን ይቆጥባል?

«ብር እየረከሰ ማን ይቆጥባል?» የምትለው ጥያቄ መልስ ከማይጠብቁት ወገን ናት። ታክሲ ውስጥ ትነሳለች፣ ቡና ላይ ትነሳለች፤ ቲክቶክ ላይ ደግሞ ሱፍ የለበሰ ወጣት እንደ ትልቅ ምስጢር ያንሾካሹካታል፦ ባንክ ያለ ገንዘብ የሞተ ገንዘብ ነው፣ ወይ ዕቃ ግዙበት፣ ወይ «ኢንቨስት» አድርጉት። ስለ ኑሮ ውድነት ከሚወሩት ተረቶች ሁሉ ይህኛውን አስቀድሜ የማነሳው ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው። ሙሉ ሐሰት ቢሆን ኖሮ ገበያ የምትወጣ እናት ሁሉ በአንድ ቀን ባጋለጠችው። ግማሽ እውነት በመሆኑ ግን ሰው በገዛ ስሌቱ ተማምኖ የክፉ ቀን ብሩን ይጨርስና፣ ልጅ የታመመ ዕለት አራጣ አበዳሪ ደጃፍ ይቆማል።

እውነት የሆነውን ግማሽ ሳንሰስት እንስጠው። ዝቅተኛው የባንክ ቁጠባ ወለድ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ከ5 በመቶ ወደ 7 በመቶ ከፍ አለ፤ ከዚያ በኋላ ገበያው ሲገለባበጥ ተራው የቁጠባ ደብተር እዚያችው 7 ላይ ተቀምጦ ዓመታት አለፉ። የዋጋ ንረቱ በ2014 ዓ.ም. በአንዱም ወር ከ30 በመቶ በታች አልወረደም፤ ግንቦት ላይ 37 በመቶ ደርሶ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዚያ ሁሉ መካከል 7 በመቶ ተቀብሎ ያለውን ሁሉ ደብተር ላይ ያስቀመጠ ሰው ከስሯል፤ አልከሰረም የሚል የባንክ ማስታወቂያ ካለ እሱም ራሱን የቻለ ተረት ነው። በዚያ ላይ በይፋ የሚነገረው ንረት የሁሉም ቤት አማካይ ነው። ምግብ በስሌቱ ውስጥ ከግማሽ በላይ ክብደት ቢሰጠውም፣ ከገቢው አብዛኛውን ለእህልና ለዘይት የሚያወጣ ቤተሰብ የምግብ ዋጋ ከሌላው ቀድሞ ሲሮጥ የሚቀምሰው ምሬት ከተነገረው ቁጥር ይበልጣል። እንግዲህ ሰዉ ቁጥሩን ሲሰማ ቢያሽሟጥጥ አይፈረድበትም።

ስህተቱ የሚጀምረው ከዚህ ቀጥሎ ነው። ተረቱ በቤት ውስጥ ያለ ገንዘብ ሁሉ አንድ ሥራ ብቻ፣ መራባት ብቻ ያለው አድርጎ ያስባል። የክፉ ቀን ብር ሥራው ግን በተፈለገበት ሰዓት መገኘት ነው፤ ሲመዘንም ባይኖር ኖሮ ስንት ያስወጣ ነበር ተብሎ ነው። እናስላው። አንድ ቤተሰብ 20,000 ብር በ7 በመቶ ወለድ አስቀመጠ፣ የዓመቱ ንረት ደግሞ 20 በመቶ ሆነ እንበል። ዓመቱ ሲያልቅ 21,400 ብር አለው፤ ይህ ገንዘብ የሚገዛው ግን አምና 17,800 ብር ገደማ ይገዛ የነበረውን ነው። ኪሳራው 2,200 ብር አካባቢ ነው። ንረቱን 30 በመቶ ብናደርገው እንኳ ኪሳራው ከ3,600 ብር አያልፍም። ጎረቤቱ ቁጠባን ንቆ ሁሉንም አጠፋ፤ ዓመቱ ሲጋመስ ግን ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና መጣና 20,000 ብር በወር 10 በመቶ አራጣ ተበደረ። በስድስት ወር ውስጥ 12,000 ብር ወለድ ይከፍላል፣ ዋናው ዕዳ ሳይነካ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በስምምነት የሚወሰን ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ይከለክላል፤ አራጣም በወንጀል ያስጠይቃል። ይሁን እንጂ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ የቆመ አባት አንቀጽ አይጠቅስም፣ የሚፈርመውን ይፈርማል። ለእድር በየወሩ የምናዋጣውን ብር «ምን አተረፈ?» ብለን አንጠይቅም፤ ያቺ የ2,200 ብር ኪሳራም ከእድር መዋጮ ያልተለየች የመድን ዋጋ ናት።

«ታዲያ በዕቃ ብናስቀምጠውስ?» የሚለው ክርክር መልስ ይገባዋል፣ አንዳንዱ ዕቃ በእርግጥ ይሻላልና። አዝመራው ገበያ ሲገባ፣ ታኅሣሥና ጥር ላይ፣ በጥሬ ገንዘብ አንድ ኩንታል ጤፍ የሸመተ ቤተሰብ ከየትኛውም ባንክ የተሻለ ቁጠባ ሊሠራ ይችላል፤ በርበሬና ሽሮም እንዲሁ። ሚስጥሩ እነዚህ ተመልሰው አለመሸጣቸው ነው፤ ቤተሰቡ ራሱ ይበላቸዋል። ለመሸጥ ታስቦ የተገዛ ዕቃ ግን ሌላ ጣጣ አለው። ማቀዝቀዣ፣ ቴሌቪዥን ወይም ሁለተኛ ሶፋ የተገዛበትና የሚሸጥበት ዋጋ አይገናኝም፤ ሻጩ እንደቸኮለ ገዢው ካወቀ ደግሞ ልዩነቱ ይሰፋል። ወርቅ ዋጋውን በመያዝ የተሻለ ነው፤ ሆኖም ጌጥ ሆኖ ሲሸጥ የእጅ ዋጋው አይታሰብለትም። ዶላርን ከባንክ ውጪ ከእጅ ወደ እጅ መለወጥ ከሕግ ያጣላል፤ ሐሰተኛ ኖት ወይም ቀማኛ የገጠመውም አቤት የሚልበት የለውም። ቤትና ቦታ ለሚችል ሰው ጥሩ ነው፤ ለሐኪም የሚከፈል ሲጠፋ ግን ከኮንዶሚኒየም ላይ አንድ መስኮት ነቅሎ መሸጥ አይቻልም። ስለዚህ ዕቃም፣ ወርቅም፣ ቦታም የክፉ ቀን ብሩ ከተቀመጠ በኋላ የሚመጡ ናቸው። ወለድ በሃይማኖቱ የማይፈቀድለትም ቢሆን ክርክሩ አይቀየርበትም፤ ከወለድ ነፃ የሆነ ሒሳብ ያችኑ በሰዓቱ የመገኘት ሥራ ትሠራለታለች።

ትዕግሥቴን የሚፈታተኑት ይህን ተረት ለፍልፈው የሚነዙት ናቸው። የባንክ ገንዘብ የሞተ ገንዘብ ነው ብለው ሲጀምሩ ወደ መጨረሻው ምን ይዘው እንደሚመጡ ልብ ብሎ ማየት ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚሸጥ ነገር አላቸው። ስልክ ላይ የሚጫን አፕሊኬሽን፣ አባል ባመጡ ቁጥር የሚጨምር ኮሚሽን፣ «በቀን 2 በመቶ ትርፍ» የሚል ተስፋ። በቀን 2 በመቶ እውነት ቢሆን፣ ትርፉ እየተደመረ ሲሄድ 1,000 ብር በአንድ ዓመት ውስጥ ከ1 ሚሊዮን 300 ሺህ ብር በላይ ይሆን ነበር። እንዲህ ያለ ሥራ በእጁ ያለ ሰው የኛን አንድ ሺህ ብር ምን ያደርግለታል? የመጀመሪያዎቹ አባላት የሚከፈላቸው ከኋላ ከሚገቡት መዋጮ ነው፤ የኋለኞቹ ሲያልቁ በሩ ይዘጋል። የሚበሉት ደግሞ ትርፍ ያላቸው ነጋዴዎች አይመስሉኝም። በንረቱ ተስፋ ቆርጠው «ያለችኝ ትቀልጥብኛለች» ብለው የፈሩ፣ የጡረታ ብርና የዓረብ አገር ልጅ የላከችው ገንዘብ በእጃቸው ያለ ሰዎች ናቸው።

ከተቃውሞዎቹ ሁሉ የሚከብደው «ምን ተርፎ ይቆጠባል?» የሚለው ነው። ደመወዙ የቤት ኪራይና ምግብ ላይ የሚያልቅ ሰው ስለ ቁጠባ ሲሰበክ ቢሰደብ ይሻለዋል፤ በእርግጥም ምንም የማይተርፍበት ቤት አለ፣ ለእሱ መፍትሔው ገቢ ወይም ድጋፍ እንጂ ምክር አይደለም። ይሁንና ድሃ አይቆጥብም የሚለው ድምዳሜ በመረጃ አይደገፍም። በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመው የዳሪል ኮሊንስና የሦስት ባልደረቦቿ መጽሐፍ በባንግላዴሽ፣ በሕንድና በደቡብ አፍሪካ ከ250 በላይ ድሃ ቤተሰቦች ለአንድ ዓመት ገደማ ያስመዘገቡትን የገንዘብ ውሎ ያጠናል። በባንግላዴሽ ከተጠኑት ቤቶች አንዱም እንኳ ከአራት ያነሰ የቁጠባና የብድር ዘዴ አልተጠቀመም፤ ጎረቤት ዘንድ ማስቀመጥ፣ የቁጠባ ማኅበር፣ ዱቤ፣ ቤት ውስጥ መደበቅ። እነዚህ ሰዎች ይቆጥቡ የነበረው ገቢያቸው ትንሽ ብቻ ሳይሆን የማይጨበጥም ስለነበር ነው፤ ዛሬ መጥቶ ነገ የሚቀር ገቢ ከትልቅ ቋሚ ደመወዝ ይልቅ ማስቀመጥን ያስገድዳል። ለእቁብና ለእድር ምድር ይህ አዲስ ወሬ አይደለም። ስንት ይበቃል ለሚለው ቁርጥ ያለ ቁጥር የለም። የአሜሪካ መጻሕፍት የሦስት ወይም የስድስት ወር ወጪ ይላሉ፤ አዲስ አበባ ተከራይቶ ለሚኖር ቤተሰብ ግን ይህን መንገር ገና ሳይጀምር ማስተው ይመስለኛል። እኔ የመጀመሪያ ግብ አድርጌ የምቆጥረው የአንድ ወር ኪራይና አንድ ድንገተኛ የሕክምና ወጪ ነው፤ ሌላው ከዚያ ወዲያ ይታሰብበታል።

ተረቱን ገንዘብ ብቻ አያቆመውም፤ ሥሩ ተስፋ መቁረጥ ነው። «ለምን እቆጥባለሁ?» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ የወለድ ስሌት ሠርቶ አይደለም፣ ነገን ስለተጠራጠረ ነው። ችግር አሳብን እንደሚያጠብ የሚያሳይ ጥናት አለ። በ2013 እ.ኤ.አ. «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣ ሲሆን፣ በሕንድ ታሚል ናዱ ያሉ የሸንኮራ አገዳ ገበሬዎች እነዚያው ሰዎች ሆነው ከአዝመራ በፊት፣ እጃቸው ባጠረበት ወቅት፣ የአስተሳሰብ ፈተና ላይ ከአዝመራ በኋላ ካመጡት ያነሰ ውጤት አምጥተዋል። የውጤቱ ስፋት እስካሁን ያከራክራል፤ ወር መጨረሻ ላይ ኩሽና የቆመ ሰው ግን ነገሩ አይጠፋውም። ወደ ቤታችን የሚቀርበው ደግሞ ታንጊ በርናር፣ ስቴፋን ደርኮን፣ ኬት ኦርኪንና ዓለማየሁ ሥዩም ታፈሰ በምዕራብ ሐረርጌ ዶባ ወረዳ ያደረጉት ሙከራ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. ለተወሰኑ ገበሬዎች አጫጭር ዘጋቢ ፊልሞች አሳዩ፤ የፊልሞቹ ባለታሪኮች ከተመልካቹ ጋር በሚመሳሰል ኑሮ ተነስተው በራሳቸው ጥረት ኑሯቸውን ያሻሻሉ የገጠር ሰዎች ናቸው። ለማወዳደሪያ ሌሎች ገበሬዎች ተራ የመዝናኛ ፕሮግራም አዩ፣ ሌሎችም ምንም አላዩም። ገንዘብ አልታደለም። ከስድስት ወር በኋላ ፊልሞቹን ያዩት ይበልጥ ቆጥበው፣ ለልጆቻቸው ትምህርትም ይበልጥ አውጥተው ተገኙ። ለውጡ ተአምር አይባልም፤ ድርቅም አላቆመም፣ ገበያም አላረከሰም። የሚያስተምረኝ ግን ተስፋን በ«አይዞህ» ብቻ ማደስ እንደማይቻል ነው። ሰው የሚያምነው እንደሱ ያለ ሰው ሲችል ሲያይ ነው፤ የሚሊየነር ምክር ለዚህ አይረዳም፣ ጎረቤቷ እንዴት አድርጋ የትምህርት ቤት ክፍያ እንደምታጠራቅም መስማት ግን ይረዳል።

ቀሪዎቹን ተረቶች በአጭሩ እንለፋቸው። «ንረቱ ቀነሰ ይላሉ፣ ዋጋው ግን አልወረደም፤ ይዋሻሉ» ይባላል። በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ ንረቱ ወደ 14 በመቶ ገደማ ዝቅ ማለቱ ዋጋ በዝግታ ጨመረ ማለት ነው፤ አልረከሰም፣ እረክሳለሁ ብሎም ቃል አልገባም። «እቁብ ለሁሉም እኩል ነው» ይባላል፤ ዋጋ በሚንርበት ዘመን ግን አይደለም። 20 ሰው በወር 5,000 ብር የሚጥልበት እቁብ ንረቱ 20 በመቶ ሲሆን የመጀመሪያው ባለዕጣ 100,000 ብር ሙሉ ይወስዳል፤ የመጨረሻው የሚወስደው በመጀመሪያው ቀን ዋጋ ሲታይ 75,000 ብር ገደማ የሚገዛውን ነው። እቁቡን ተዉት ማለቴ አይደለም፣ ደብተሩ የማይሰጠውን ጉልበት ይሰጣል፤ ተራው ሲወሰን ግን ይህ ታውቆ ይሁን። በስልክ የሚገኝ ብድርም «ትንሽ የአገልግሎት ክፍያ ናት» ይባልለታል። በ1,000 ብር ላይ ለአንድ ወር 50 ብር ቢከፈል ትንሽ ትመስላለች፣ በየወሩ ሲደጋገም በዓመት 60 በመቶ ነው።

የመጨረሻው «ዘመድ ለዘመድ ሲያበድር ወረቀት ነውር ነው» የሚለው ነው። በችግር ዘመን አብዛኛው ብድር ከእህት፣ ከአጎት፣ ከሥራ ባልደረባ ስለሚገኝ ይህ ብዙ ቤት ያጣላል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ500 ብር የሚበልጥ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም ፍርድ ቤት ፊት በሚሰጥ እምነት ወይም መሐላ እንጂ በምስክር እንዳይረጋገጥ ደንግጓል። ያን ጊዜ 500 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ አሁን ወር እስኪደርስ ለአስቤዛ የምንበዳደራትም ከዚያ በላይ ናት፣ ስለዚህ ሁለት መስመር ጽፎ መፈራረም ለአበዳሪውም ለተበዳሪውም ይበጃል።