«ኢትዮጵያ» የተባለችው መርከብ

በራቤል ከተማና በአካባቢው የሚያድግ ልጅ ኢትዮጵያ ባሕር ኃይል እንደነበራት በትምህርት ቤት ይሰማ ይሆናል። የዋናዋን መርከብ ታሪክ የሚተርክለት ግን እምብዛም አያገኝም። መርከቧ በአገሪቱ ስም «ኢትዮጵያ» ትባል ነበር። አሜሪካ በ1954 ዓ.ም. በውሰት ሰጥታን መርከቧ ምፅዋ ወደብ ስትገባ፣ ከባሕር ኃይሉ መርከቦች ሁሉ ትልቋ ሆነች። ርዝመቷ 95 ሜትር ያህል ነበር።

መድፏን ያየ ለውጊያ የተሠራች ይመስለዋል። የተሠራችው ግን አውሮፕላን ለማገልገል ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ውሃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖች ነበሩ፤ ማረፊያ ሜዳ በሌለበት ባሕር ነዳጅ የምትሞላላቸው፣ የምትጠግናቸው፣ አብራሪዎቻቸውን የምታበላና የምታስተኛ መርከብ ያስፈልጋቸው ነበር። የእኛዋ መርከብ ያኔ ስሟ «ኦርካ» ነበር። በጥር 1936 ዓ.ም. ሥራ ጀምራ ወደ ኒው ጊኒና ወደ ፊሊፒንስ ዘለቀች።

በኅዳር 1937 ዓ.ም. «ኩፐር» የተባለች የአሜሪካ አጥፊ መርከብ በፊሊፒንስ ኦርሞክ ባሕረ ሰላጤ በቶርፔዶ ተመትታ ሰጠመች። በማግስቱ ከ«ኦርካ» የሚሠሩ ካታሊና አውሮፕላኖች ለነፍስ አድን ሥራ ወጡ። አንዷ ከውሃ የለቀመቻቸውን 56 ሰዎች ጫነች። ከብዷት ውሃው ላይ ብዙ ርቀት ከሮጠች በኋላ ነው የተነሳችው።

ለእኛ የጠቀመን የመርከቧ የውስጥ ስፋት ይመስለኛል። ለአብራሪዎች ታስቦ የተሠራው መኝታና ምግብ ቤት ለእጩ መኮንኖች ሆነ፤ መርከቧም የመሪ መርከብነት አገልግሎቷን ከባሕር ላይ ትምህርት ጋር አጣምራ ያዘች። ኖርዌይም ከእኛ ቀደም ብላ የተረከበቻትን እህት መርከብ ማሠልጠኛ አድርጋታለች። የኖርዌይ መኮንኖችም የእኛን ባሕረኞች በማሠልጠን ተሳትፈዋል።

ዘመኑ ግን ተገለበጠ። የባሕር ኃይሉ መሪ የነበሩት ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ከረሸናቸው ባለሥልጣናት አንዱ ሆኑ። መርከቧ በደርግ ዘመንም አገልግላለች። ምፅዋ በየካቲት 1982 ዓ.ም. ከደርግ እጅ ወጣች፤ በ1983 ዓ.ም. ደግሞ የደርግ መንግሥት ሲወድቅ «ኢትዮጵያ» ወደ የመን ሸሸች። ከሁለት ዓመት በኋላም ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች።