ለማታ ተማሪ ማን ያበድራል?

ሶዶ ከተማ፣ ኦቶና በሚባለው ሆስፒታል በር በየቀኑ ሁለት ዓይነት ተማሪ ይገባል። አንደኛው የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የጤና ተማሪ ነው። ኪሱ ባዶ ቢሆንም ይማራል፤ ዕዳውን የሚከፍለው ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ነው። ሁለተኛው በዲፕሎማ ተቀጥሮ ቀን የሚሠራ፣ ማታ ወይም ቅዳሜና እሁድ ዲግሪውን የሚማር ሠራተኛ ነው። እሱ የሴሚስተሩን ክፍያ በቅድሚያ ካላስገባ አይመዘገብም። መንግሥት ገቢ ለሌለው ያበድራል፤ ገቢ ላለውና ዕዳውን በየወሩ ሊከፍል ለሚችለው ግን አያበድርም። ስለ ከፍተኛ ትምህርት ፋይናንስ ሲወራ ይህ ጉዳይ ተገቢውን ቦታ አላገኘም።

ተማሪው ኮስት ሼሪንግ የሚለው የወጪ መጋራት ሥርዓት መሠረቱ የተጣለው በ1995 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 351 ወጣ፤ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 91ም ተከተለ። በሥርዓቱ መሠረት ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከማስተማሪያው ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ይሸፍናል። ክፍያው ግን የሚጀምረው ከተመረቀ በኋላ ነው፤ ውል ይፈርማል፣ ይማራል፣ ሥራ ሲይዝ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ ይቆረጣል። በመምህርነት ለሚያገለግል ደግሞ አገልግሎቱ እንደ ክፍያ የሚታሰብበት መንገድ አለ። ዕዳው እስኪያልቅ ዋናው ዲግሪ በተቋሙ ዘንድ ይቆያል። ቤትና መሬት ለሌለው ወጣት ይህ ዓይነቱ ብድር ትልቅ ነገር ነው፤ በአገሪቱ ባንኮች መስኮት ያለ ዋስትና እንዲህ ያለ ውል አይገኝም።

ይህ ሁሉ የተዘጋጀው ግን ለመደበኛው ተማሪ ነው። የማታው፣ የቅዳሜና እሁዱና የርቀቱ ተማሪ በክሬዲት ሰዓት ተሰልቶ ሙሉውን ከኪሱ ይከፍላል። በከፊል የሚለዩት መምህራን ናቸው፤ ብዙዎቹ ከዲፕሎማ ወደ ዲግሪ ያደጉት በክረምት መርሐ ግብር፣ በመንግሥት ስፖንሰርነት ነው። ለመምህሩ የተቻለው ለላብራቶሪ ቴክኒሻኑ፣ ለሒሳብ ሠራተኛውና ለቀበሌ ጸሐፊዋ የማይቻልበት ምክንያት በግልጽ ተነግሮ አያውቅም።

የሥርዓቱን አመጣጥ ያየ ሰው ክፍተቱ ይበልጥ ይገርመዋል። ኢትዮጵያ ከገቢ ጋር የተያያዘ አከፋፈልን ስትቀርጽ በቅርብ ያየችው እ.ኤ.አ. በ1989 የተጀመረውን የአውስትራሊያን አሠራር ነው። አውስትራሊያ ከመነሻው በትርፍ ጊዜ የሚማረውንም አካትታለች፤ ግማሽ የትምህርት ጭነት የያዘ ግማሽ ዕዳ ይመዘገብበታል። እኛ አሠራሩን ወስደን ይህን ክፍል ተውነው።

የወጪው ስሌት ግን ለማታ ተማሪው ያጋደለ ነው። በ2017 ዓ.ም. የመደበኛ ተማሪ የቀን የምግብ በጀት ከ22 ብር ወደ 100 ብር አድጓል። ይህ በ10 ወር ወደ 30 ሺህ ብር ይጠጋል፤ መኝታው፣ ውኃውና መብራቱ ገና አልተነካም። የማታ ተማሪ ራቱን ቤቱ ይበላል፣ አልጋ አይጠይቅም። ለእሱ የሚያስፈልገው ብድር የማስተማሪያው ክፍያ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ዛሬውኑ ደመወዝ ስላለው መሥሪያ ቤቱ ይታወቃል፤ ገቢውም በፔሮል ላይ ተመዝግቧል። ከመደበኛ ምሩቃን የሚሰበሰበው ዕዳ ትልቁ ፈተና ምሩቁ ሥራ ማጣቱ ወይም የገባበት አለመታወቁ ነው። ይህ ተበዳሪ ግን ሳይበደርም አድራሻው በእጅ ነው።

ዲግሪው በገንዘብ ምን እንደሚያወጣም ይታወቃል። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በተደረገው የደመወዝ ማሻሻያ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ4,760 ብር ወደ 6,000 ብር፣ የዲግሪ ምሩቅ መነሻ ደግሞ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ከ11,500 ብር 10 በመቶው 1,150 ብር ነው። ብድሩን የሚያስከፍለው ገንዘብ ከዲግሪው ራሱ ይመጣል ማለት ነው። ሶዶ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር መቀመጫ ከሆነች በኋላ ደግሞ ዲግሪ የሚጠይቅ የሥራ መደብ በከተማዋ በዝቷል።

በወላይታ የቅድሚያ ክፍያው ክብደት የሚለይበት ሌላ ምክንያትም አለ። በ2016 ዓ.ም. በዞኑ የመምህራንና የሌሎች የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ ለወራት መዘግየቱ በተደጋጋሚ ተዘግቧል። ደመወዝ ሲዘገይ የምዝገባ ቀን አብሮ አይዘገይም። ከገቢ ጋር የታሰረ ዕዳ ቢሆን ኖሮ ደመወዝ በሌለበት ወር የሚቆረጥ አይኖርም ነበር። ዛሬ ባለው አሠራር ግን ሠራተኛው ወይ ይበደራል፣ ወይ ሴሚስተሩን ይዘላል። ሁለት ሴሚስተር የዘለለ ተማሪ ተመልሶ ለመግባት ስንት ውጣ ውረድ እንዳለበት ያለፈበት ሁሉ ያውቀዋል።

ታዲያ ከየት ይበደራል? ዕቁብ አለ፤ ዕጣው የወጣለት ይመዘገባል፣ ያልወጣለት ተራውን ይጠብቃል። በወላይታ ለጊፋታ በዓል ወንዶች ለበሬው፣ ሴቶች ለቅቤው ዓመቱን ሙሉ በቡድን ይቆጥባሉ። የቁጠባ ባህል አልጠፋም፤ የጠፋው ያንን ቁጠባ ከትምህርት ክፍያ ጋር የሚያገናኝ ተቋም ነው። ቴሌብር ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሚሰጠው ያለ ዋስትና ብድር ፈጣን ቢሆንም መመለሻው አጭር ነው፤ አራትና አምስት ዓመት የሚዘልቅ ትምህርት በእንዲህ ያለ ብድር አይሸፈንም። ከማይክሮ ፋይናንስነት ወደ ባንክነት ያደገው ኦሞ ባንክ በአካባቢው ሥር የሰደደ ተቋም ነው። ሆኖም ገንዘቡን ከአስቀማጩ ሰብስቦ ለረጅም ዓመት የሚያበድር ባንክ ከኋላው ዋስ የሚሆን መንግሥት ይፈልጋል።

የረጅም ጊዜ ውጤት ጠብቆ ማበደር ለወላይታ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970 በዓለም ባንክ ድጋፍ የተጀመረው የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ዋዱ፣ ለገበሬው ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በዱቤ ሰጥቶ ገንዘቡን ምርት ሲሰበሰብ ይቀበል ነበር። የማታ ተማሪም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ አዝመራው ሲደርስ መክፈል።

ጎረቤት ኬንያ በዚህ ቀድማናለች። እ.ኤ.አ. በ1995 በሕግ የተቋቋመው የከፍተኛ ትምህርት ብድር ቦርዷ፣ ሄልብ፣ ጂኤሊሚሼ የሚባል ብድር ለደመወዝተኛ ተማሪዎች ለይቶ ያቀርባል። እንግሊዝ ደግሞ የሚያስጠነቅቅ ታሪክ አላት። እ.ኤ.አ. በ2012 ለትርፍ ጊዜ ተማሪዎች የትምህርት ክፍያ ብድር ፈቀደች፤ በዚያው ጊዜ ግን ድጎማውን ቀንሳ ክፍያው በእጅጉ እንዲያድግ አደረገች። አንድ ዲግሪ ላለው ብድሩን ከለከለች። እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2015 አዲስ የሚገቡ የትርፍ ጊዜ የቅድመ ምረቃ ተማሪዎቿ ቁጥር በግማሽ ያህል ወደቀ። ቤተሰብ የሚያስተዳድር የ35 ዓመት ሰው ዕዳን እንደ 19 ዓመት ወጣት አያየውም። ስለዚህ ብድሩ ተፈቅዶ የክሬዲት ሰዓቱ ዋጋ በዚያው ከናረ ጥቅሙን የሚወስዱት ኮሌጆቹ ናቸው።

ሁለት ሥጋቶች በቁም ነገር መታየት አለባቸው። አንደኛው የጥራት ነው፤ ደካማ ተቋም በብድር ገንዘብ እንዳይፈረጥም። ለዚህ መመዘኛው ዛሬ አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ለመንግሥትም ለግልም ተቋም ግዴታ ሆኗል፤ ብድሩ ተማሪዎቻቸውን በሚያሳልፉ ተቋማትና የትምህርት ክፍሎች ሊወሰን ይችላል። ሁለተኛው ከባድ ነው። ፔሮል የሌላቸው፣ በሶዶ ገበያ ነግደው ማታ የሚማሩ አሉ። ለእነሱ ከደመወዝ መቁረጥ አይሠራም፤ የዕቁብና የኅብረት ሥራ ማኅበር ዋስትና ይበልጥ ይቀርባቸዋል። ጉዳዩ ጊዜ ይወስዳል፤ ሆኖም ለደመወዝተኛው ዛሬ ሊደረግ የሚችለውን ለማዘግየት ምክንያት አይሆንም።

የሚያስፈልገው አዲስ ተቋም አይደለም። ውሉ፣ የገቢ ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት፣ በፔሮል የመቁረጥ ልምዱም አሉ። ትምህርት ሚኒስቴር የወጪ መጋራት ደንቡን ሲያሻሽል በክሬዲት ሰዓት የሚሰላ የትርፍ ጊዜ ተማሪ ውል ይጨምርበት። ለሙከራ ቦታ ከተፈለገ ዩኒቨርሲቲ፣ ሆስፒታልና የክልል ቢሮዎች በአንድ ከተማ የተሰባሰቡባት ሶዶ ትመቻለች፤ የክልሉ መንግሥትና ዩኒቨርሲቲው ከኦቶና ሠራተኞች ቢጀምሩ የመጀመሪያውን ዓመት ውጤት በደመወዝ መዝገብ ላይ ማየት ይቻላል።