ሁለተኛው ኬብል ያመጣብኝ ጣጣ፦ ሎድ ባላንሰርን ያለ ሉፕ ከስዊች ጋር ማገናኘት

ቨርጂኒያ ውስጥ በአንድ ዳታ ሴንተር የሌሊት ፈረቃ እየሠራሁ አዲስ ሎድ ባላንሰር እገጥም ነበር። ሎድ ባላንሰር ከተጠቃሚዎች የሚመጣውን ጥያቄ ተቀብሎ ለብዙ ሰርቨሮች የሚያከፋፍል መሣሪያ ነው። አንዱን ኬብል ከመጀመሪያው ስዊች ጋር አገናኘሁ፤ ሠራ። "አንዱ ስዊች ቢበላሽ ሌላው ይኖራል" ብዬ ሁለተኛውን ኬብል ከሁለተኛው ስዊች ጋር ሰካሁ። ወዲያው የፖርቶቹ መብራት ሁሉ በአንድ ላይ ይብለጨለጭ ጀመር፤ ሰርቨሮቹ መልስ መስጠት አቆሙ። ኬብሉን ስነቅለው ሁሉም ተረጋጋ።

ለአለቃዬ ደውዬ የሆነውን ነገርኩት። የመጀመሪያ ጥያቄው "ሥዕሉ የታለ?" የሚል ነበር። ሥዕል አልነበረኝም።

ምን ሆነ? ሁለቱ ስዊቾች ቀድሞም እርስ በርስ ተገናኝተዋል። ሎድ ባላንሰሩ ደግሞ ብሪጅ ሞድ ላይ ስለነበር በአንዱ ፖርት የገባውን በሌላው ያስወጣል። ሦስቱ መሣሪያዎች ክብ ሠሩ ማለት ነው። የአይፒ ፓኬት ቲቲኤል የሚባል ቆጣሪ አለው፤ ራውተር ባለፈ ቁጥር ይቀንሳል፣ ዜሮ ሲደርስ ፓኬቱ ይጣላል። የኢተርኔት ፍሬም ግን እንዲህ ያለ ቆጣሪ የለውም። አንድ ብሮድካስት ክቡን ያለ ማቋረጥ ይዞራል፤ ስዊቾቹም በየዙሩ ቅጂውን ወደ ሌሎች ፖርቶች ይበትናሉ።

ለዚህ ችግር ራዲያ ፐርልማን እ.ኤ.አ. በ1985 ስፓኒንግ ትሪ ፕሮቶኮልን ፈጠሩ። ስዊቾች አጫጭር መልእክቶች ይለዋወጣሉ፤ ክብ ካገኙ አንዱን መንገድ ይዘጋሉ። የእኔ ሎድ ባላንሰር ግን መልእክቶቹን አያሳልፍም ነበር፤ ስለዚህ ስዊቾቹ ክቡን ማየት አልቻሉም።

ታዲያ እንዴት እናገናኝ?

1. ስዊቾቹ በስታክ ወይም በኤምላግ እንደ አንድ ስዊች የሚሠሩ ከሆነ፣ ሁለቱን ኬብሎች በኤልኤሲፒ አጣምሯቸው። እንደ አንድ መስመር ስለሚቆጠሩ ክብ አይፈጠርም። በሁለቱም ወገን ኮንፊገሬሽኑን ሳትጨርሱ ግን ሁለተኛውን ኬብል አትሰኩ።
2. ካልሆነ፣ አንዱ ፖርት ሲሠራ ሌላው ተጠባባቂ ይሁን።
3. ሁለት ሎድ ባላንሰር ካላችሁ፣ እያንዳንዱን ከየራሱ ስዊች ጋር በአንድ መስመር አገናኙ፤ በቪአርአርፒ አንድ አይፒ አድራሻ ይጋሩ። የሚሠራው ቢወድቅ ተጠባባቂው አድራሻውን ይረከባል።

የግድ ካላስፈለገ ብሪጅ ሞድን አትጠቀሙ። ስፓኒንግ ትሪንም አታጥፉ።

እኔ አሁን ኬብል ከመንካቴ በፊት ወረቀት አወጣለሁ። መሣሪያዎቹን ስዬ መስመሩን በጣቴ እከተላለሁ። ያለፍኩበትን መስመር ሳልደግም ወደ ተነሣሁበት ከተመለስኩ፣ ያንን ክብ ማን እንደሚዘጋው ሳላውቅ ምንም አልሰካም። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ!