ለየትኛው ወጥ የትኛው ጠጅ?

ከወይን ፍሬ የሚዘጋጀው መጠጥ በአማርኛ «የወይን ጠጅ» ይባላል። «ጠጅ» ብቻውን ሲጠራ የማር መሆኑ የታወቀ ነው፤ የወይኑ ግን ስሙን ከማሩ ተውሶ ይጠራል። ይህ አጠራር ለአጠጣጡም መንገድ ያሳያል። ወይንን ከምግብ ጋር ስለማስማማት የሚነገሩት አብዛኞቹ የአውሮፓ ደንቦች የወጡት ለስንዴ ዳቦ፣ ለአይብና ለጥብስ ሥጋ ማዕድ ነው። የኢትዮጵያ ማዕድ ግን በሁለት ነገሮች ይለያል፤ በእያንዳንዱ ጉርሻ ውስጥ የእንጀራ ኮምጣጣነት አለ፣ በአብዛኛው ወጥ ውስጥ ደግሞ የበርበሬ ማቃጠል አለ። ለዚህ ማዕድ የሚስማማ የወይን ጠጅ የሚመርጥ ሰው መለኪያውን ከጠጅ ቢጀምር ምርጫው ይቀለዋል፤ ጠጅ ከዚሁ ማዕድ ጋር አብሮ የኖረ መጠጥ ነውና።

ማሩና ጌሾው

የጠጅ ሥራ የሚጀምረው ከገበያ ነው። በአዲስ አበባ፣ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ የሚገኘው መርካቶ በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ የከተማዋ ገበያ ከአራዳ ወደ ምዕራብ ሲዛወር የተቆረቆረ ነው። ስሙም ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን «ገበያ» ማለት ነው። ለጠጅ የሚያስፈልገው ሁሉ ዛሬም እዚያ ይገኛል፤ ማሩ፣ ጌሾው፣ መጣያ ዕቃው፣ ማቅረቢያው ብርሌ።

ማሩ ከየአገሩ ይገባል። የላስታና የትግራይ ነጭ ማር በንጣቱና በለስላሳ መዓዛው ይታወቃል። አደይ አበባ ከፈካ በኋላ በጥቅምትና በኅዳር የሚቆረጠው ማር ቢጫነት ያደላበታል። ንቧ ግራዋ የቀሰመችበት ማር ደግሞ ጠቆር ይላል። ከከፋና ከሸካ ደኖች የሚመጣውም ማር ብዙ ነው። ለጠጅ የሚፈለገው ብዙውን ጊዜ ያልተጣራው፣ ሰፈፉ ያለበት ማር ነው። ጥሬ ማር የአበባ ዱቄትና የተፈጥሮ እርሾ ስለሚይዝ ጠጁ ቶሎ ይፈላል፤ መዓዛውም ይጠነክራል። ማር ሲገዛ በጣት ጫፍ ተነክቶ መሸተትና መቀመስ አለበት። ጥሩ ማር ጣፋጭነቱ ከምላስ ከጠፋ በኋላ የአበባ ሽታው አፍ ውስጥ ይቆያል፤ ስኳር የገባበት ግን ጣፍጦ ወዲያው ይጠፋል። የረጋ ማር ሁሉ ስኳር የተቀላቀለበት ነው የሚለው ሥጋት ትክክል አይደለም። ንጹሕ ማርም በተፈጥሮው ይረጋል፤ በተለይ አየሩ ሲቀዘቅዝ።

ጌሾ ሁለት ዓይነት ሆኖ ይሸጣል። ቅጠሉ በአብዛኛው ለጠላ፣ እንጨቱ ለጠጅ ይውላል። ጠጁ ያለ ጌሾ ጣፋጭ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር፤ የማሩን ጣፋጭነት የሚገታውን መራራነት የሚሰጠው ጌሾው ነው። አንዳንድ መጠጥ የሚያበላሹ ተሕዋስያን እንዳይበዙም ያግዛል።

አጣጣሉ እንዲህ ነው። አንድ እጅ ማር ከሦስት እስከ አምስት እጅ በሚሆን ውሃ ይበረዛል። ዕቃው አስቀድሞ በግራዋ ቅጠል ይታጠባል፣ በወይራ ጭስ ይታጠናል፤ በጥሩ ጠጅ ውስጥ ከሩቅ የሚሸተው የጭስ መዓዛ ከዚህ የመጣ ነው። ብርዙ በጨርቅ ተሸፍኖ ጥቂት ቀናት ሲቆይ ሰፈፉ ወደ ላይ ይንሳፈፍና ይገፈፋል። ከዚያ ጌሾው ከብርዙ በከፊል ተቀንሶ ከተቀዳው ጋር ተቀቅሎ ይጨመራል። ጠጁ እንደ አየሩ ሙቀት ከአንድ ሳምንት እስከ ሦስት ሳምንት ፈልቶ ይጠለላል። ቆይታው ባጠረ ቁጥር ጣፋጭ፣ በረዘመ ቁጥር ደረቅ ይሆናል፤ እርሾው የማሩን ስኳር እየበላ ወደ አልኮል ይለውጠዋልና። የጠጅ የአልኮል መጠን አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ ከ7 እስከ 14 ይደርሳል። ደረቁ ጠጅ እንግዲህ ከወይን ጠጅ አያንስም።

ሦስቱ ቃላት

ጠጅ ቤት የገባ ሰው «ለስላሳ»፣ «መካከለኛ» ወይም «ደረቅ» ብሎ ያዝዛል። ለስላሳው ገና ጣፋጭ ነው፤ መካከለኛው ጣፋጭነትና ኮምጣጣነት የተመጣጠኑበት ነው፤ ደረቁ ስኳሩ አልቆ የጌሾው መራራነትና የአልኮሉ ብርታት የወጡበት ነው። በወይን ጠርሙስ ላይ «ጣፋጭ»፣ «መካከለኛ ጣፋጭ» እና «ደረቅ» ተብሎ የሚጻፈውም ስለ ስኳሩ ይህንኑ ልክ ይነግራል። ጠጅን በእነዚህ ቃላት መለየት የቻለ ሰው የወይን ምርጫን ግማሽ አውቋል።

የቀረው ግማሽ የሚገኘው በመቅመስ ነው። በመጀመሪያ መልኩ ይታያል። ብርሌ በብርሃን ፊት ሲያዝ ጥሩ ጠጅ ወርቃማ ሆኖ ይታያል፤ በጣም ደማቅና ቦግ ያለ ቢጫ ከሆነ ግን ቀለም ገብቶበት ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ይሸተታል። የብርሌ አንገት ጠባብ ስለሆነ መዓዛው ተሰብስቦ ይወጣል። ማር፣ ጭስና ጌሾ መሽተት አለባቸው፤ ኮምጣጤ የሚሸት ጠጅ አየር ገብቶት ተበላሽቷል። በመጨረሻ አንድ ጉንጭ ተይዞ በአፍ ውስጥ ይዘዋወራል። ጣፋጩ በመጀመሪያ፣ ኮምጣጣው ቀጥሎ፣ የጌሾው መራራ በመጨረሻ ከጉሮሮ ላይ ይመጣል። ከሦስቱ አንዱ ብቻውን ጎልቶ ሌሎቹን ከሸፈነ ጠጁ ሚዛን ጎድሎታል።

በቀይ ወይን ላይ አንድ ነገር ይጨመራል። ከወይኑ ልጣጭና ዘር የሚወጣው ታኒን የተባለ ንጥረ ነገር ድድንና ምላስን ይይዛል፤ ስሜቱ ጠንካራ ጥቁር ሻይ ያለ ስኳር ሲጠጣ ወይም ያልበሰለ ሙዝ ሲነከስ እንደሚሰማው ነው። ነጭ ወይን አብዛኛውን ጊዜ ያለ ልጣጭ ስለሚፈላ ይህ የለበትም ወይም ጥቂት ነው።

የአገር ውስጥ ወይኖች

በኢትዮጵያ ሁለት ትልልቅ የወይን ጠጅ አምራቾች አሉ። አንጋፋው እ.ኤ.አ. በ1943 አዲስ አበባ ውስጥ የተመሠረተው አዋሽ ወይን ጠጅ ነው። በደርግ ዘመን ተወርሶ የመንግሥት ንብረት ሆኖ ቆይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ወደ ግል ሲዛወር ከገዢዎቹ አንዱ ሙዚቀኛው ቦብ ጌልዶፍ ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነበት ኤይት ማይልስ የተባለ የኢንቨስትመንት ድርጅት ነበር። ከምርቶቹ ጉደር ቀይ ነው፤ ስሙን ያገኘው በምዕራብ ሸዋ ከሚገኘው የጉደር ከተማ ነው። አዋሽ ክሪስታል ደረቅ ነጭ ነው። አክሱማይት ደግሞ ጣፋጭ ነው።

ሁለተኛው ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በዝዋይ (ባቱ) የሚገኘው የካስቴል ወይን ነው። የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ ከቦርዶ ያስመጣውን ችግኝ በዝዋይ ሐይቅ አቅራቢያ አስተክሎ የመጀመሪያዎቹን ጠርሙሶች እ.ኤ.አ. በ2014 ለገበያ አቀረበ። ጉማሬ፣ ጅብና ዘንዶ እንዳይገቡበት እርሻው ዙሪያውን ቦይ ተቆፍሮለታል። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ከፍታ ስላለው ቀኑ ይሞቃል፣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ሙቀቱ ፍሬውን ያበስላል፤ ቅዝቃዜው ደግሞ ኮምጣጣነቱ ሙሉ በሙሉ እንዳይጠፋ ያደርጋል። ከዚህ የሚወጡት ሪፍት ቫሊ እና አካሺያ የተባሉት ናቸው። ሪፍት ቫሊ በወይኑ ዝርያ ተለይቶ ይሸጣል። ሜርሎ ለስላሳ ቀይ ሆኖ የፕሪም ጣዕም አለው፤ ሲራ ቁንዶ በርበሬ የሚሸት፣ ጠቆር ያለ ቀይ ነው፤ ካበርኔ ሶቪኞ ታኒኑ የበረታ ነው፤ ሻርዶኔ የበሰለ ፖም የሚመስል ጣዕም ያለው፣ በአፍ ውስጥ ሞላ የሚል ነጭ ነው። አካሺያ መካከለኛ ጣፋጭ የሆነ ዓይነትም አለው።

ከምግብ ጋር

የማስማማቱ ሥራ በሦስት ነጥቦች ይጠቃለላል። አንደኛ፣ መጠጡ ኮምጣጣነት ከሌለው ከእንጀራ ጋር ሲጠጣ ውሃ ውሃ ይላል። ሁለተኛ፣ አልኮልና ታኒን የበርበሬን ማቃጠል ያባብሳሉ፤ ጥቂት ጣፋጭነት ግን ያበርደዋል። ሦስተኛ፣ ሥጋና ጮማ ታኒንን ያለዝባሉ፤ ቅቤን ደግሞ ኮምጣጣነት ይቆርጠዋል።

ዶሮ ወጥና ሌላው ቀይ ወጥ፦ ብዙ ሰው በበዓል ቀን ከዶሮ ወጥ ጋር ብርቱ ደረቅ ቀይ ወይን ይከፍታል። ይህ የተለመደ ስሕተት ነው። በርበሬው፣ አልኮሉና ታኒኑ ተደርበው አፍን ያቃጥላሉ፤ የወጡ ቁሌትና የቅመሙ ጣዕም ይሸፈናል። የሚስማማው መካከለኛ ጠጅ ወይም መካከለኛ ጣፋጭ የሆነ አካሺያ ነው። ደረቅ ቀይ ካስፈለገ ታኒኑ የለዘበው ሜርሎ ጥቂት ቀዝቀዝ ብሎ ይቀርባል።

ጥብስና ጥሬ ሥጋ፦ የደረቅ ቀይ ወይን ቦታ እዚህ ነው። ጮማ ያለው ቁርጥ ወይም በሮዝመሪና በሽንኩርት የተጠበሰ ሥጋ የካበርኔውን ታኒን ያለዝበዋል። የሲራ የቁንዶ በርበሬ ሽታ ከደረቅ ጥብስ ጋር ይገጥማል። ጉደርም ከሥጋ ጋር መጠጣቱ የቆየ ልማድ ነው። ከጠጅ ወገን ደረቁ ይመረጣል። አዋዜውና ሰናፍጩ ግን በልኩ ይሁን፤ በበዛ ቁጥር ማዕዱ ወደ ቀይ ወጡ ደንብ ይሄዳል።

ክትፎ፦ እዚህ የሚያሸንፈው የተነጠረው ቅቤ ነው፤ ሚጥሚጣው ይከተለዋል። ከቅቤው በኋላ አፍን የሚያጠራ ኮምጣጣነት ያስፈልጋል። መካከለኛው ጠጅ ኮምጣጣውንም ጣፋጩንም ስለያዘ ለሁለቱም መልስ ይሰጣል። ከወይን ወገን የቀዘቀዘ ደረቅ ነጭ፣ ለምሳሌ አዋሽ ክሪስታል፣ ከአይቡና ከጎመኑም ጋር ይስማማል።

አልጫ፦ እርድ፣ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ያለበት፣ በርበሬ የሌለበት ወጥ ነው። የሚያቃጥል ነገር ስለሌለ መጠጡ ጣፋጭ መሆን አያስፈልገውም። ሻርዶኔ ከበግ አልጫ ወይም ከዶሮ አልጫ ጋር ሲቀርብ የሁለቱም ለስላሳነት ይመጣጠናል።

ዓሣ፣ ሽሮና ምስር፦ የተጠበሰ ዓሣ ሎሚ እንደሚፈልግ ሁሉ ኮምጣጣ ነጭ ወይን ይፈልጋል። የባቱ ሻርዶኔ ከባቱ ሐይቅ ቆሮሶ ዓሣ ጋር ሲቀርብ ሁለቱም ከአንድ ቦታ የመጡ ይሆናሉ። ሽሮና ቀይ ምስር በርበሬ ስላለባቸው መካከለኛ ጣፋጭ ነጭ ይሻላቸዋል። ክክ አልጫና አተር ግን ደረቁን ይቀበላሉ።

ከምግብ በኋላ፦ ኬክ ወይም ሌላ ጣፋጭ ከቀረበ መጠጡ ከምግቡ ይበልጥ መጣፈጥ አለበት፤ አለዚያ ወይኑ ኮምጣጣ ብቻ ሆኖ ይሰማል። አክሱማይት ለዚህ ይሆናል። ለስላሳ ጠጅም ከድፎ ዳቦ ጋር ይሄዳል።

አቀራረብና አቀማመጥ

ነጭ ወይን ከ8 እስከ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ቀይ ወይን ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ሆኖ ቢቀርብ ጣዕሙ በደንብ ይወጣል። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ የማታው አየር ለቀይ ወይን ይመቻል፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ ረጅም ጊዜ ማቆየት አያስፈልግም። ወይን ሙቀትና ብርሃን አይወድም። ገበያ ውስጥ ፀሐይ በሚመታው መደርደሪያ ላይ የቆመ ጠርሙስ ውስጡ ተቀቅሎ ሊሆን ስለሚችል ከጥላ የተቀመጠውን መምረጥ ይገባል። ቡሽ ያለው ጠርሙስ ቡሹ እንዳይደርቅ በጎኑ ይተኛል። የተከፈተ ወይን ተከድኖ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሲቀመጥ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይቆያል። ጠጅ ከዚህ ይለያል። ቤት የተጣለ ጠጅ እርሾው ሕያው ስለሆነ በታሸገ ዕቃም ውስጥ መፍላቱን ይቀጥላል፤ ከቀን ወደ ቀን እየደረቀ ይሄዳል። ለስላሳ ሆኖ የተገዛ ጠጅ ከቆየ ለስላሳ አይሆንም። ጥብቅ ብሎ የተከደነ ዕቃም በሚፈጠረው ጋዝ ሊፈነዳ ስለሚችል አየር መውጫ ይተውለታል።

አልኮል የማይጠጣ እንግዳ በማዕዱ ካለ የጠጅ መነሻ የሆነው ብርዝ አለ። የታላቁ አንዋር መስጊድና የቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን በተጎራበቱበት በመርካቶ፣ አንድ ማዕድ ላይ ጠጪና የማይጠጣ አብረው መቅረባቸው የተለመደ ነው። ብርዝ ገና ያልፈላ፣ ጌሾ ያልገባበት፣ በውሃ የተበረዘ ማር ነው፤ በተበረዘ ዕለት ይጠጣል፣ ከአደረ ግን መፍላት ይጀምራል። ጣፋጭነቱ የበርበሬን ማቃጠል እንደ ጠጅ ሁሉ ያበርዳል፤ ጥቂት ሎሚ ቢጨመቅበት ደግሞ እንጀራው የሚፈልገውን ኮምጣጣነት ያገኛል።