ሐይቅ፦ ገዳሙ ጥንታዊ፣ ዓሣው መጤ

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚጓዝ መኪና 30 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሄደ ሐይቅ ከተማ ይደርሳል። የተሁለደሬ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ሐይቅ ስሟን ያገኘችው ከጎኗ ከተኛው ውሃ ነው። ገበያዋን ያደመቀላት ግን ወደ አምባሰልና ወደ ወልድያ የሚያልፈው መንገደኛ ነው።

ውሃው በጥንት ዘመን የሚታወቀው በገዳሙ ነበር። በ13ኛው ክፍለ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዐ ዘመን የገነነው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የትምህርትና የመጻሕፍት ማዕከል ሆኖ ኖሯል። ገዳሙ የቆመበት ደሴት ዛሬ ከየብሱ ጋር ተያይዟል። ሴቶች ግን አሁንም አይገቡበትም።

ለገበያ የሚወጣው ቆሮሶ የቦታው ተወላጅ አይደለም። በ1970 ዓ.ም. አካባቢ ከሌላ ውሃ መጥቶ የተለቀቀ ነው። መጤ ይሁን እንጂ የወሎን ጠባይ ያውቃል ማለት ይቻላል። በወሎ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በሰርግም በለቅሶም አይለያዩም፤ ሥጋ ላይ ሲደርሱ ግን እያንዳንዱ የየራሱን እርድ ይፈልጋል። ዓሣ እርድ የለውም። ስለዚህ አንዱ ጠብሶ ሌላው ይጎርሳል። በዐቢይ ጾም፣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እንዳለ ሆኖ፣ የዓሣ ፈላጊ ይበረክታል።

ችግሩ ያለው ከውሃው ዘንድ ነው። ሐይቁ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ሲሆን ጥልቀቱ እስከ 88 ሜትር ይደርሳል። ከአርዲቦ ሐይቅ የሚወርድ ወንዝ ይገባበታል፤ ከእሱ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ከዳገቱ እርሻ በጎርፍ የሚታጠበው አፈር ገብቶ እዚያው ይቀራል። ተመራማሪዎችም ቆሮሶ ከገባ በኋላ ቀድሞ ጥርት ያለው ውሃ መደፍረሱንና አረንጓዴ እየሆነ መምጣቱን መዝግበዋል።

የመረቡም ጉዳይ አለ። የቆሮሶ እናት እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች። በዚያን ጊዜ ስትጠመድ ጫጩቶቿም አብረው ይጠፋሉ። ዓይነ ጠባብ መረብ ደግሞ ገና ያልወለደውን ጭምር ጠርጎ ያወጣል።

ለነጋዴ ሒሳቡ ግልጽ ነው። አንድ ጊዜ የተለቀቀው ዓሣ ያለ ቀላቢ ከ40 ዓመት በላይ ራሱን ሲተካ ኖሯል። ከሚራባው ልክ በላይ ማውጣት ግን ትርፍ አይባልም፤ ዋናውን መብላት ነው። ዋናው ካለቀ ሐይቅ ከተማ የሚቀራት መንገዱ ብቻ ነው፤ መንገደኛ ደግሞ የሚወርድበት ምክንያት ካላገኘ አልፎ ይሄዳል።