ወጣት ልጅ ብቻውን ስለ መሄዱና ስለ ስልክ

ልጅ በተወለደ ጊዜ በጀርባ ይታዘላል፤ ጥቂት ሲያድግ እጁን ተይዞ ይሄዳል፤ ከዚያም በኋላ መንገዱን ራሱ ያውቃል። ወላጅና መምህር የሚደክሙት ለዚህ ለመጨረሻው ቀን ነው። የባላገር ልጅ ይህን ትምህርት የሚጀምረው ገና በሕፃንነቱ ነው። መጀመሪያ ጥጃና ግልገል ይጠብቃል፤ ቀጥሎ ከብቱን ወደ ውኃ ይነዳል፤ ኋላም ገበያ ተልኮ ጨው ገዝቶ መልሱን ቈጥሮ ያስረክባል። «ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል» የተባለው ተረት በዚህ ይፈጸማል።

በዘመናችን ግን ልጆችን ከሥራና ከጨዋታ ያስቀራቸው ስልክ ነው እየተባለ ይታዘናል። ነገሩ በከፊል እውነት ነው፤ ሆኖም የምክንያቱ ሁሉ መጀመሪያ ስልክ አይደለም። ለዚህም በእንግሊዝ አገር የሆነው ምስክር ነው። ሜየር ሂልማን የተባለው መርማሪ ከባልንጀሮቹ ጋር እንደ ጻፈው፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1971 ዓመት 7 እና 8 ዓመት ከሆናቸው ልጆች ከመቶው 80 የሚሆኑት ያለ አዋቂ ወደ ትምህርት ቤት ይሄዱ ነበር፤ በ1990 ግን ከመቶው 9 ብቻ ሆኑ። የወላጆቹ ዋና ፍርሃት የመኪና አደጋ ነበር። አይፎን የተባለው ስልክ የወጣው በ2007 ነውና፥ መንገዱ ለልጆች የተዘጋው እንዲህ ያለው ስልክ ከመምጣቱ አስቀድሞ ነው። መውጫ ያጣ ልጅ ዓለምን በስልክ ውስጥ ቢፈልግ አያስደንቅም።

በኢትዮጵያ ገጠር ፈተናው በሌላ በኩል ይመጣል። ብዙ ልጆች 9ኛ ክፍል ሲደርሱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በአቅራቢያቸው ስለሌለ ወደ ወረዳው ከተማ ሄደው ቤት ተከራይተው ይቀመጣሉ፤ በሰንበትም ስንቃቸውን ለማምጣት ወደ ወላጆቻቸው ይመለሳሉ። በዚያች የኪራይ ክፍል «መብራቱን አጥፋና ተኛ» የሚል ሰው የለም። ወላጅ የልጁን ድምፅ ለመስማት የገዛለት ስልክ ሌሊቱን ሊሰርቅበት ይችላል። የእንቅልፍ ሐኪሞች በ2016 እንዳስታወቁት ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት ሊተኛ ይገባዋል። እንቅልፉን ያጣ ተማሪ በክፍል ውስጥ ቢቀመጥም ልቡ ከትምህርቱ ጋር አይሆንም።

ስለዚህ ዝግጅቱ ልጁ ከቤት ሳይወጣ፥ ገና በ7ኛና በ8ኛ ክፍል ሳለ ሊጀመር ይገባል። ለጥቂት ቀን የሚበቃ ገንዘብ ተሰጥቶት በምን እንዳዋለው ይናገር። ስልኩን ለምን ጕዳይ እንደሚይዘውና ማታ በስንት ሰዓት እንደሚያስቀምጠው ራሱ ይወስን፤ አባትና እናት ሰምተው ያርሙት። ቢሳሳትም ስሕተቱን ደብቆ እንዳይለምድ በቍጣ ፈንታ በምክር ይመለስ። ሴት ልጅ በመንገድ የሚያሠጋት ነገር ቢኖር፥ ከጎረቤት ልጆች ጋር አብራ እንድትሄድ ማድረግ እንጂ ከትምህርት ማስቀረት አይገባም።

ስልክን መንጠቅ ልጁን ለአንድ ማታ ይጠብቀዋል፤ ራስን መግዛት ግን ልጁ ከወላጅ ዓይን በራቀ ጊዜ ሁሉ አብሮት ይሄዳል።